ለቁልቢ የሚመጣ ጾመኛ እንግዳ መንገድ ላይ ምን ይብላ? ጥያቄው እና 29 መልሶች

ከድሬዳዋ ነው የምጽፈው። ለታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል ከአዲስ አበባ በሀገር አቋራጭ አውቶቡስ ለሚመጡ፣ ገሚሶቹ በዕድሜ ለገፉ እንግዶች ያነሳሁት ጥያቄ ነበር። አውቶቡሱ አዋሽ፣ ሚኤሶ ወይም አሰበ ተፈሪ ላይ ለ30 ደቂቃ ይቆማል። በዚያች ግማሽ ሰዓት ቶሎ የሚደርስ፣ የሚያጠግብ፣ ሆድ የማያውክ ምግብ የትኛው ነው? የራሴንም አቋም ጨምሬ ነበር፦ በትንሽ ከተማ መንገድ ዳር ከፉልና ከሳምቡሳ ውጪ፣ በተለይ በርገርና ሩዝ ማዘዝ ስህተት ነው ብዬ። ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ይዞ መጣ፤ አንዳንዱ አረመኝ፣ አንዳንዱም ተቆጣ። ለሌላ መንገደኛ ስለሚጠቅም የተባለውን በራሴ አነጋገር አሰፍረዋለሁ።

1ኛው መልስ ሰላምታውን አሟልቶ የመጣ ነው። በፉሉ ተስማምቶ በእንቁላልና በእርጎ እንዲታዘዝ መከረ፤ እንቁላሉ ዓይን እያየ ስለሚሰበር አያሰጋም፣ እርጎው የቃሪያውን ማቃጠል ያበርዳል ባይ ነው። 2ኛው በትሕትና አረመው። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ገብቶ እስከ ታኅሣሥ 28 ስለሚዘልቅ የታኅሣሡ ገብርኤል በጾሙ መሀል ነው የሚውለው። ለቁልቢ የወጣ ሰው እንቁላል፣ እርጎና ቅቤ አይቀምስም። የሐምሌ 19ኙ ግን ረቡዕ ወይም ዓርብ ካልዋለ ከጾም ውጪ ነው። ይህን ጥያቄዬ ውስጥ መጥቀስ ነበረብኝ። 3ኛው መልስ የመጀመሪያው ጸሐፊ ይቅርታ ሲሆን ጠቃሚ ነገር አክሎበታል፦ ፉል ሲታዘዝ የጾም ነው ማለት ብቻ አይበቃም፤ በጥድፊያ ሰዓት የምግብ አብሳዩ እጅ በልማድ ወደ ቅቤው ስለሚሄድ፣ በዘይት ብቻ እንዲሆንና ቅቤ በነካ መጥበሻ እንዳይሠራ አስረግጦ መናገር ያስፈልጋል።

4ኛው መልስ ከሁሉም ረጅሙ ነበር፤ የፉል ሥራ በደንብ የገባው ሰው ነው የጻፈው። ባቄላው ተለቅሞ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ይዘፈዘፋል። የተዘፈዘፈበት ውሃ ተደፍቶ፣ ከባቄላው በላይ አራት ጣት ያህል ከፍ በሚል አዲስ ውሃ ይጣዳል። አንዴ ከፈላ በኋላ እሳቱ ቀንሶ ለ3 ወይም ለ4 ሰዓት ይንተከተካል፤ ጨው የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው። ጥሩ ፉል ቤት ማታ ጥዶ ሌሊቱን ከእሳት ስለማያወርደው ጠዋት አንድ ሳህን ለማድረስ ከ5 ደቂቃ በላይ አይፈጅበትም፤ ከድስቱ በጭልፋ ወደ ትንሽ መጥበሻ ይገለበጣል፣ ዘይት፣ ከሙንና ጨው ይገባበታል፣ እዚያው ይደቆሳል። መንገደኛው ማየት ያለበት ፉሉ ከየት እንደሚጨለፍ ነው። እንፋሎቱ ከሚወጣ ድስት ከሆነ ይዘዝ። ጥግ ላይ ከተቀመጠ ሳፋ ወይም ከባልዲ ከሆነ ይተወው። ቸኩሎ ያበሰለ ቤት ባቄላው ቶሎ እንዲለሰልስ ሶዳ ያበዛበታል፤ ያኔ ቆዳው ይሟሟል፣ ቀለሙ ይጠቁራል፣ ምላስ ላይ የሳሙና ጣዕም ይተዋል። ሆዱ ለሚያስቸግረው ሰው ደግሞ ሽንኩርቱ፣ ቲማቲሙና ቃሪያው ከላይ ጥሬውን ከሚነሰነስ አብሮ መጥበሻ ውስጥ እንዲገባ ማሳሰብ ይሻላል። እንደ ጸሐፊው አባባል አደጋው ከባቄላው ይልቅ ከላዩ በሚነሰነሰው ነገር ነው የሚመጣው፤ ሽንኩርቱን የከተፈው ቢላዋና የታጠበበት ውሃ ምን እንደነበር ማንም አያውቅም።

5ኛው ይህንኑ አድንቆ ሰዓቱን አረመ። የተሰጠው ልክ ለቆላ ከተማ ነው። ውሃ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ድሬዳዋ በ96 ዲግሪ ይፈላል፤ ወደ 1,900 ሜትር በምትጠጋው ሐረር ደግሞ በ94 ዲግሪ አካባቢ። ከፍታው ሲጨምር የሚፈላው ውሃ ሙቀት ስለሚቀንስ ባቄላው እሳት ላይ ይቆያል። አሰበ ተፈሪ፣ ሂርናና ቁልቢ ላይ በፕሬዠር ያልተቀቀለ ፉል ቢያንስ አንድ ሰዓት ይጨመርለታል። ስለዚህ ደጋ ከተማ ላይ ማለዳ የሚቀርበው ፉል ማታ ተጥዶ ያደረ ካልሆነ ጥሬ ጥሬ የማለት ዕድሉ ሰፊ ነው። አንዷን ባቄላ በጣት ጫን ማለት ይበቃል፤ ልጣጩ ተላቆ ውስጡ እንደ ሊጥ ካልተጨፈለቀ አልበሰለም። ይህን ምክር በጣም ወደድኩት፤ ማንም ሽማግሌ ጠረጴዛው ላይ ሆኖ ሊያደርገው ይችላል።

6ኛው ስለ ዳቦ ሁለት መስመር ብቻ ጻፈ፦ ጠዋት የተጋገረ፣ በእጅ ሳይሆን በፌስታል ወይም በወረቀት ተይዞ የሚሰጥ ይሁን።

ከ7ኛው ጀምሮ ውይይቱ ወደ ሳምቡሳ ዞረ። ለ1 ኪሎ ዱቄት ግማሽ ሊትር ገደማ ለብ ያለ ውሃ፣ ጨውና ሁለት ማንኪያ ዘይት ይገባል፤ ሊጡ ግማሽ ሰዓት ያርፋል። ከዚያ ሦስት ያህል ስስ ቂጣዎች በመሀላቸው ዘይትና ዱቄት ተደርጎ ተደርበው ይዳመጣሉ፣ ምጣድ ላይ ለአፍታ ይነካሉ፣ ትኩስ ሳሉ ይላቀቃሉ። ተቆርጠው እንደ ቀንድ ከተጠቀለሉ በኋላ ምስሩ ገብቶ በዱቄት ሙጫ ይታሸጋሉ። ምስሩ የሚቀቀለው ሳይፈርስ ነው፤ ውሃውም ጥንፍፍ ማለት አለበት። ያልተጠነፈፈ ምስር ዘይት ውስጥ እንፋሎት ሆኖ ስፌቱን ይፈታዋል፤ ሳምቡሳው ዘይት ይሞላል፣ የፈሰሰው ምስር ደግሞ መጥበሻው ውስጥ እያረረ ለቀጣዩ ዙር ምሬት ይሆናል። ትክክለኛው የዘይት ሙቀት ከ170 እስከ 180 ዲግሪ ሲሆን ጥብሱ ከ3 እስከ 4 ደቂቃ ይፈጃል። መንገድ ዳር ቴርሞሜትር ስለሌለ ቁራጭ ሊጥ ጣል ይደረጋል። ታች ከቀረች ዘይቱ አልጋለም፤ ወዲያው ተንሳፍፋ ዙሪያዋን በትናንሽ አረፋ ከተከበበች ደርሷል፤ ገና ስትነካው ከጠቆረች አልፎበታል።

8ኛው ላይ ድምፁ ትንሽ ጠንከር አለ። ስለ አሠራሩ ማውራቱ ምን ይጠቅማል፣ ችግሩ ጠዋት የተጠበሰው ቀትር ላይ እንደገና ዘይት ውስጥ መግባቱ ነው አለ። እውነቱን ነው። ምልክቶቹንም ዘርዝሯል። ሁለቴ የተጠበሰ ሳምቡሳ ሦስቱም ማዕዘኖቹ ከሆዱ ይልቅ ይጠቁራሉ፣ ቆዳው ይጓጉላል፣ ሲያዩት ትንሽ ሆኖ ሲያነሱት ይከብዳል። ሶፍት ላይ አስቀምጦ አስር መቁጠር ነው፤ ዙሪያውን ቀጭን ወዝ ብቻ ከተወ ደህና፣ ሶፍቱ ርሶ ጠረጴዛው ላይ ከተለጠፈ ግን ዘይት ጠጥቷል። ትኩስ ነወይ ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፣ መልሱ ሁልጊዜ አዎ ነውና። ጥሬው መጥበሻው ውስጥ ሲገባ እያዩ አራት ደቂቃ መቆም ይሻላል። 9ኛው በዘይቱ ቀጠለ። ምንም ሳይገባበት የሚጨስ፣ አረፋው ጥብሱ ከወጣ በኋላም የማይከስም፣ እንደ ቀለም የሚሸት ዘይት አልቆለታል። ባረጀ ዘይት ላይ አዲስ መጨመር ያድሰዋል የሚባለውም ትክክል አይደለም፤ አሮጌው አዲሱንም ቶሎ ያበላሸዋል።

ውይይቱ ጦፎ የነበረው ከ10ኛው እስከ 14ኛው ድረስ ነው። 10ኛው የሥጋና የምስር ሳምቡሳ በአንድ መጥበሻ እንደሚጠበስ አነሳ። ሳህኑ ለየብቻ ይሆናል፣ ዘይቱ ግን አንድ ነው፤ ለጾመኛ ይህ ገደፈ ማለት ነው። 11ኛው መንገደኛ እስከዚህ መመርመር የለበትም፣ ሳያውቅ የበላውን እግዚአብሔር አይቆጥርበትም ብሎ አቃለለው። 12ኛው ደግሞ በቁጣ መለሰ፦ የሰውን ጾም አንተ ልትለካለት አትችልም፣ ማወቅ እየተቻለ አለማወቅን መምረጥ ሌላ ነገር ነው አለ። እኔም በዚህ ከ12ኛው ጋር ነኝ፤ ለቁልቢ የሚሄድ ሰው ስለቱን ይዞ ነው የወጣው። በ13ኛው መልስ የሙስሊም መንገደኛም ተመሳሳይ ጉዳይ እንዳለበት ተነገረ፦ ሥጋ ቤቱ በር ላይ የመስቀል ወይም የጨረቃ ምልክት ስላለ ሥጋውን መለየት ቀላል ነው፣ የሥጋ ሳምቡሳው ዘይት ግን ምልክት የለውም። ያቀረበው መፍትሔ ሁሉንም ያስማማል፦ ከማዘዝ በፊት የሥጋ ሳምቡሳ አላችሁ ወይ ብሎ መጠየቅ። አለን ካሉ፣ ሁለተኛ መጥበሻ በዓይን ካልታየ በቀር ፉል ማዘዝ።

14ኛው ስለ ምግብ አልነበረም። 11ኛው ጸሐፊ አንተ መባሉ ከብዶት፣ በዕድሜ ከገፋ ሰው ጋር እንዲህ አይነጋገሩም አለ። 15ኛው የድሬ ልጅ ነው፤ ድሬ ላይ አንቱ ብዙም አይለመድም፣ ትልቁም ትንሹም አንተና አንቺ ነው የሚባባለው፣ አቦ ከማለት በላይ አክብሮት አይፈለግም ብሎ አስረዳ። ሁለቱም ልክ ናቸው። ከሸዋ የመጣ ሽማግሌ በአንተ ሊቀየም ይችላል፤ የድሬ አስተናጋጅም አንተ ስትለው መናቅዋ እንዳልሆነ እንግዶቻችን ቀድመው ይወቁት። ከዚህ በኋላ በጉዳዩ ላይ መልስ እንዳይጨመር ጠየቅሁ፣ ተከበረልኝ።

16ኛው ከሐረር ነው፤ ለምን ባጊያ ተረሳ ብሎ ተቆጨ። ጥራጥሬው ተዘፍዝፎ ከሽንኩርትና ከቃሪያ ጋር ይፈጫል፣ በማንኪያ እየተቆረሰ ዘይት ውስጥ ይጣላል፣ በ3 ደቂቃ ይወጣል፤ እንቁላልም ቅቤም የለበትም። ለጾመኛ ከዚህ የተሻለ ፈጣን ምግብ የለም አለ። ግን ራሱ ጸሐፊው ሐቀኛ ነው፤ የሚያሳምመው ባጊያው ሳይሆን አብሮት የሚቀርበው ቢስባስ የሚባል የቃሪያ ማባያ ነው ብሏል። ቃሪያው ጥሬ፣ ውሃው ያልፈላ፣ ዕቃው ቀኑን ሙሉ ክፍት ሆኖ ማንኪያው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ቢስባሱን ትቶ ሎሚ መጭመቅ። 17ኛው ባጊያ አዋሽና ሚኤሶ ላይ እንደ ድሬና ሐረር በየደጃፉ እንደማይገኝ አስታወሰ፤ ይህ የሚያገለግለው ለደረሰ እንግዳ ነው።

18ኛው የኔን የሩዝ አቋም ደገፈ፣ ምክንያቱንም ሰጠ። ሩዝ ውስጥ ያለ ባሲለስ ሴርየስ የሚባል ባክቴሪያ ዘሩ መቀቀል አይገድለውም። የበሰለው ሩዝ ሳይቀዘቅዝም ሳይግልም ለብ ብሎ ሲቀመጥ ይራባል፣ መርዝም ይሠራል፤ መርዙ እንደገና በማሞቅ አይጠፋም። ትውከቱ ከግማሽ ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ባለው ውስጥ ይጀምራል፤ ሚኤሶ ላይ የተበላ ሩዝ ቁልቢ ሳይደረስ ሊነሳ ይችላል ማለት ነው። 19ኛው ግን ሞገተኝ። ሩዝ ለምሥራቁ ሰው የዘወትር ምሳ ነው፣ ሁሉን በአንድ ላይ መኮነን ነውር ነው አለ። ሱማሌው ቤት ቀትር ላይ ከትልቁ ድስት እየተዘገነ የሚያልቅ ሩዝ ከብዙ ሳምቡሳ ይበልጣል፤ ለመመዘን ሰዓቱንና ድስቱን ማየት ይበቃል። ከ6 እስከ 7 ሰዓት ተኩል፣ ድስቱ ከነእሳቱ ሆኖ ወረፋ ካለው ይበላል። 10 ሰዓት ላይ ግን ከድስቱ ሥር የተረፈው ተፍቆ ዘይት ተደርጎበት የሚሞቀው አይነካም። በዚህ ተረትቻለሁ፤ አቋሜን አስተካክያለሁ። ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ በሚያልፍበት ቆላ የበሰለ ምግብ ከእሳት ወርዶ ከ1 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም የሚለውንም ልክ ያስቀመጠው እሱ ነው።

በርገሩን 20ኛው በአጭሩ ዘጋው። በጾም አይነሳም፤ በፍስክም የተፈጨ ሥጋ መሀሉ 71 ዲግሪ እስኪደርስ መብሰል አለበት፣ መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ደግሞ የፍሪጁ ሥጋ ስንቴ ቀልጦ ስንቴ እንደበረደ ማን ያውቃል? ማዮኔዙም በጥሬ እንቁላል የተመታ ሊሆን ይችላል። 21ኛው ለልጆች ቺፕሱ ይፈቀድ አለ፤ ድንቹ በመጠነኛ ሙቀት ቀድሞ መጠበሱና ሲታዘዝ በጋለ ዘይት ለ2 ወይም ለ3 ደቂቃ መመለሱ ጥፋት ሳይሆን ትክክለኛ አሠራር ነው። የሚበላሸው ለ3 ሊትር ዘይት ከግማሽ ኪሎ በላይ ድንች ሲጨመርበት ነው፤ ዘይቱ ይቀዘቅዛል፣ ድንቹ ይልፈሰፈሳል። የዘይቱ ጥያቄ እዚህም አይቀርም፣ ሥጋ የገባበት እንዳይሆን።

22ኛው ሾፌሮችን ወረፈ። አውቶቡሱ የሚቆመው ሾፌርና ረዳት በነጻ የሚበሉበት ቤት ስለሆነ ዋጋውን ተሳፋሪው ይከፍላል ባይ ነው። 23ኛው በንዴት መለሰለት፤ ሾፌር የሚመርጠው ረጅም መኪና የሚያዞር ግቢ፣ መጸዳጃ፣ ውሃ እና 45 ሰው በግማሽ ሰዓት የሚያስተናግድ ቤት ነው፣ ይህን የሚያሟላ ደግሞ በአንድ ከተማ ብዙ የለም አለ። በሁለቱም በኩል እውነት አለ፤ ነገር ግን ተሳፋሪው ከአውቶቡሱ ዓይን ሳይርቅ ማዶ ያለ ቤት መብላት ይችላል፤ የሚቆምበትን ደቂቃ ከረዳቱ አፍ ሰምቶ መውረድ ነው እንጂ። 24ኛው ጠቡን ትቶ አሠራር ሰጠ። ለስድስት ሰው ሁለት ሰው ቀድሞ ይውረድ፤ አንዱ ከአብሳዩ ፊት ቆሞ አንድ ዓይነት ምግብ ለሁሉም ይዘዝ፣ ሌላው ሽማግሌዎቹን እጅ አስታጥቦ ያስቀምጥ። ሂሳቡ በዝርዝር ብር ወዲያው ይከፈል፣ ዋጋውም ከመብላት በፊት ይጠየቅ። ስድስት ፉል በአንድ መጥበሻ አብሮ ይወጣል፤ ስድስት ዓይነት ትዕዛዝ ግን መኪናው ጡሩምባ ሲነፋ ገና በሦስተኛው ላይ ነው።

25ኛው ወደ ባቡር ወሰደን፤ እንግዶቹ በአዲሱ ባቡር ቢመጡ ይህ ሁሉ ጣጣ አይኖርም ነበር ብሎ፣ በድሮው ባቡር ዘመን የአዋሽ ጣቢያ ምግብ ቤት የነበረውን ክብር አወሳ። ደስ ይላል፣ ከጥያቄው ግን ራቀ።

26ኛው የደንገጎን ቁልቁለት አነሳ፤ ከበዓሉ በኋላ ወደ ድሬ የሚወርደውን ይመለከታል። መንገዱ ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ወደ 1,200 ሜትር በጥምዝምዝ ነው የሚወርደው። ቅባት የበዛበት ነገር ቁልቢ ላይ በልቶ ወዲያው መሳፈር ያስታውካል፤ ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል ልዩነት ይኑረው፣ የሚያዞረው ሰው ፊት ወንበር ላይ ሆኖ አድማሱን ይመልከት። 27ኛው በዚህ ላይ ስኳር ያለባቸውን አሰበ። ኢንሱሊኑ ምግቡ ይመጣል ተብሎ አይወጋ፣ ሳህኑ ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ ብቻ፤ ትዕዛዝ ዘግይቶ መኪናው ቢነሳ ስኳሩ መንገድ ላይ ይወርድበታል። ኪስ ውስጥ ከረሜላ አይጥፋ። ከ29ኙ መልስ ይህኛው ሁለት ጊዜ እንዲነበብልኝ እፈልጋለሁ።

28ኛው ስለ መመለሻው ጠየቀ። ታኅሣሥ 20 ሁሉም ሰው በአንድ ቀን ነው ወደ አዲስ አበባ የሚነሳው፤ በዓሉ እስኪያልፍ ያልተለወጠ ዘይትና ያለቀ ውሃ የሚጠብቀው ያን ቀን ነው። 29ኛው የመለሰለት በበሶ ነው። እንግዳው ድሬ ላይ ማለዳ ፉሉን በልቶ ይነሳ፤ ለመንገዱ በሶውን በደረቁ በክዳን ዕቃ፣ ስኳሩን ለብቻ ይያዝ። ውሃው ሲገዛ የክዳኑ ቀለበት አለመፈታቱ ይታይ። በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ሩቡ ተጠጥቶ አራት የሾርባ ማንኪያ በሶና አንድ ማንኪያ ስኳር ይጨመርበታል፤ ተከድኖ ይናጣል። የሚበጠበጠው ሊጠጣ ሲል ብቻ ነው፤ ተበጥብጦ የያዙት በሶ በአዋሽ ሙቀት ቶሎ ይኮመጥጣል፣ ክዳኑንም ገፍቶ ይፈነጥራል።